የፊት መስታወት ካስቀየርኩ በኋላ መሪው ወደ ግራ ይጎትተኛል፣ ካሜራው ጅማ ላይ ይስተካከላል ወይስ አዲስ አበባ ልውጣ?

የአዌቱ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ወይ ሙያው ውስጥ ያላችሁ እስቲ አንዴ ሃሳብ ስጡኝ ግራ ገብቶኛል። መኪናዬ አይዲ 4 ናት የቻይናዋ፣ ሁለተኛ አመቷን ይዛለች፣ እስካሁን ከጎማ በስተቀር ምንም አስወጥታኝ አታውቅም አልሃምዱሊላህ። ከሶስት ሳምንት በፊት ከአዲስ አበባ ስመጣ ወልቂጤን አለፍ ብዬ የጊቤን ቁልቁለት ልጀምር ስል ከፊቴ ከሚሄድ ገልባጭ ጠጠር ተፈናጥሮ መስታወቱን መሃል ላይ ከውስጥ ስፖኪዮው ትንሽ ዝቅ ብሎ መታው። መጀመሪያ የምስር ፍሬ የምታክል ነጥብ ነበረች፣ ናቅኳት። ከውጭ የጊቤ ሙቀት ከውስጥ ኤሲው ተጋግዘው ሰኮሩ ስደርስ ስንጥቁ ሽቅብ ወጥቶ ጣሪያው ጋ ደርሷል።

ጅማ መስታወት ሚገጥሙ ልጆች አሉ፣ እጃቸው ጥሩ ነው አልዋሽም፣ የሚኒባስም የአይሱዙም ሲቀይሩ ቆሜ አይቻለሁ። መስታወቱ ከአዲስ አበባ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በአውቶብስ መጣ፣ ከሰአት ገጠሙት፣ ያምራል። ሳስነሳት ግን ዳሽቦርዱ ላይ ሶስት ቢጫ መብራት ቦግ አለ፣ ጽሁፉ ቻይንኛ ነው፣ በስልክ ስተረጉመው የፊት ካሜራ ምናምን ይላል፣ ያ ከስፖኪዮው ጀርባ ሆኖ የመንገዱን መስመር እያየ መሪውን የሚያግዘው ማለት ነው። አንዱ ልጅ ትንሽዬ ኮድ ማንበቢያ ሰክቶ አጠፋውና "ጨርሰናል ጋሼ" አለኝ፣ እኔም ከፍዬ ሄድኩ።

ሁለት ቀን ከተማ ውስጥ ከመርካቶ ፈረንጅ አራዳ፣ ከፈረንጅ አራዳ አጂፕ ስመላለስ ምንም የለም። በሶስተኛው ቀን ወደ ሰርቦ ስወጣ መስመሩ ደህና የሚታይበት ጋ 70 ስገባ መሪው በራሱ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ሄደ፣ እኔ ወደ ቀኝ ስመልሰው እሱ ደግሞ ይመልሰዋል፣ ከፊት ለፊት አይሱዙ እየመጣ ነው። ወላሂ ክው ነው ያልኩት። ያዝ አርጌ ጎትቼ አለፍኩ፣ ዳር አቁሜ ውሃ ጠጣሁ።

ጥያቄዬ፣ ይሄ ነገር ጅማ ላይ ሚሰራው ሰው አለ ወይ? እየነዳሁት በራሱ ይለምዳል የሚሉኝ አሉ እውነት ነው? ካልሆነስ አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎሜትር እንዲህ ሆና መንዳት ይቻላል? ኢንሹራንሱን ስጠይቅ ደግሞ መስታወቱን ከፍለንሃል ሌላው አይመለከተንም ብለውኛል።


ቆጪ_ሰፈር

ወንድሜ ጅማ ውስጥ የመንገድ መስመር የት አለና ነው ካሜራው የሚፈልገው 😂 እኔ ቪትዝ ነው የምነዳው፣ ካሜራዋ ሁለቱ አይኖቼ ናቸው፣ ካሊብሬሽን (ልኳን ማስተካከል) ስትፈልግ አንድ ሲኒ ቡና እጠጣለሁ። የምሬን ግን ዝጋውና ንዳ፣ ባጃጁ በቀኝም በግራም በሚገባበት ከተማ መኪና በራሱ መሪ ልያዝ ካለ ጉድ ነው የሚፈላው።


ጋራዥ_ያደገ

ቆጪ ቀልድህ ተመችቶኛል፣ ዝጋው ያልከው ላይም አንድ ነን። አዌቱ ዛሬውኑ ከሜኑው ግባና መስመር የሚያስጠብቀውን ዝጋ፣ ርቀት እየጠበቀ በራሱ ሚነዳውንም አትንካው፣ ዘግተህ ስታበቃ መኪናዋን አጥፍተህ አስነሳና ተመልሶ በርቶ እንደሆነ እይ፣ አንዳንዱ መኪና በተነሳ ቁጥር ራሱ ይከፍተዋል። በእግርህ የምትረግጠው ፍሬንና ኤቢኤሱ ከዚህ ካሜራ ጋ አይገናኙም፣ ስለዚህ መኪናዋ ካሜራ እንደሌላት እንደ ድሮ መኪና አርገህ ትነዳታለህ። አደጋ ሲመጣ በራሱ ሚይዘው ፍሬንም ግማሹ የሚያየው በዚሁ ካሜራ ነው፣ እሱንም አትመንበት።

አሁን ለምን እንደሆነ ልንገርህ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሰኝ።

ልጁ ያጠፋው ኮድ እኔ እንደሚመስለኝ ካሜራው ተነቅሎ ሳለ መኪናዋ ስለተነሳች የመጣ ነው፣ መኪናዋ ካሜራውን ስታጣው ትጮሃለች፣ ሲሰካላት ኮዱ ይጠፋል፣ ልጁ አላታለለህም። ችግሩ ካሜራው ያው አሮጌው ካሜራ መሆኑ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ተለክቶ ሲወጣ እኔ እዚህ ቁመት ላይ ነኝ፣ የመኪናው መሃል በዚህ በኩል ነው፣ አድማሱ እዚህ ጋ ነው ብሎ የያዘውን አልረሳም። መስታወቱ እንደተቀየረ ማን ይንገረው? መብራት አያበራም፣ ምክንያቱም በሱ ሂሳብ ሁሉ ነገር ትክክል ነው። እኔ መብራት የበራበት መኪና ሲመጣልኝ ደስ ነው የሚለኝ፣ ሲስተሙ ቢያንስ ራሱን ዘግቷል ማለት ነው። ያንተ አይነቱ መብራት ሳይኖረው መሪ ሚጠመዝዘው ነው የሚያስፈራው።

ምን ያህል ቢሳሳት ነው ትለኝ ይሆናል። አንድ ዲግሪ ብቻ ወደ ጎን ቢዞር 50 ሜትር ፊት ላይ 87 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ 100 ሜትር ላይ 1 ሜትር ከ75። መንገድህ አንዱ ሌይን 3.5 ሜትር ነው እንበል፣ አይዲ 4 ስፋቷ 1.85 ገደማ ነው፣ መሃል ላይ ብትሆን በግራም በቀኝም የሚተርፍህ 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። አንዷ ዲግሪ ሙሉ በሙሉ በላችው ማለት አይደል?

በራሱ ይለምዳል የሚለው ወሬ ከባዶ አልመጣም። ካሊብሬሽን ሁለት አይነት ነው። አንዱ መኪናው ቆሞ ፊት ለፊቱ ነጭና ጥቁር ምልክት ያለው ሰሌዳ ተተክሎ ይሰራል። ሌላው እየተነዳ የመንገድ መስመር እያየ ይሰራል፣ እሱም ቢሆን በብዙ መኪና ላይ በዲያግኖስቲክ ማሽን ጀምር ሳይባል አይጀምርም። ሁለቱንም የሚፈልግ መኪናም አለ። ያንተዋ በሰሌዳ ነው የምትሰራው። ካሜራው ለትንሽ መዛነፍ ራሱን እያረመ ይሄዳል፣ ግን የሚያርመው ጠባብ ነው፣ ከዛ ካለፈ አይደርስበትም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በፊት መልስልኝ። ካሜራው የሚቀመጥበት ብራኬት ከአዲሱ መስታወት ጋ ተጣብቆ ነው የመጣው ወይስ ከአሮጌው ነቅለው ነው የለጠፉት? ፎቶ ካለህ ደግሞ ከውጭ በኩል ከስፖኪዮው ጀርባ ያለውን አንስተህ ላክ።


ከሚኒሶታ

ጅማ ተወልጄ መንደራ ያደግኩ ነኝ፣ እዚህ መስታወት ቤት ነው የምሰራው ስድስት አመት ሆነኝ፣ ጋራዥ ያለው ልክ ነው። እዚህ ቴስላ ሲመጣ መስታወቱን ቀይረን ከሜኑው የካሜራውን ልክ እናጠፋና ባለቤቱ እንዲነዳው እንነግረዋለን፣ መስመሩ ጥሩ የሆነ መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 40 ኪሎሜትር ይበቃዋል፣ አንዳንዴ እስከ 160ም ይሄዳል። እሱን ሰምተው ነው ሰዎች ሁሉም ኤሌክትሪክ መኪና እንደዛ የሚመስላቸው። ኤሌክትሪክ መሆኑ ከዚህ ጋ አይገናኝም፣ ቤንዚኑም ካሜራ ካለው ያው ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በምንድነው የለጠፉት? ሲሊኮን ከሆነ አውልቀው። መስታወት ሚለጠፈው በዩሬቴን ነው፣ ከስሩም ፕራይመር ይቀባል፣ ለምን ብትል መስታወቱ ንፋስ መከላከያ ብቻ አደለም፣ መኪና ሲገለበጥ ጣሪያውን ያግዛል፣ የተሳፋሪው ኤርባግ ሲፈነዳ ደግሞ መስታወቱን ተደግፎ ነው ወደ ሰውዬው የሚመጣው። መስታወቱ ከለቀቀ ኤርባጉ ይዞት ውጭ ነው የሚወጣው። ዩሬቴን ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ነው የሚደርቀው፣ በዚህ በኩል የጅማ አየር ጥሩ ነው 😀 ግን ስንት ሰአት ቆሞ ይነዳ የሚለው ቱቦው ላይ ተጽፏል፣ እሱን ነው የሚከተሉት። የመጀመሪያው ቀን አንድ መስኮት ትንሽ ከፈት አርጎ መተው ነው፣ በር በሃይል ሲዘጋ ውስጥ ያለው አየር መስታወቱን ገፍቶ ያልደረቀውን እንዳይከፍተው።


የአዌቱ_ልጅ

እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁም። ሁሉንም ዘግቻለሁ፣ አስነስቼ አየሁት አልተመለሰም።

ብራኬቱ... ልጁን ደውዬ ጠየቅኩት። መስታወቱ ባዶውን ነው የመጣው አለኝ፣ ከአሮጌው በምላጭ ቀስ ብሎ አላቆ፣ አጽድቶ በሱፐር ግሉ እንደለጠፈው ነገረኝ፣ "ጋሼ ድንጋይ ሆኗል አይነቀልም" አለኝ በኩራት። ማጣበቂያው ግን ዩሬቴን ነው፣ ቱቦውን አሳየኝ፣ ጥቁር ነው። ፎቶውን ላይ እንደምታዩት ደግሞ መስታወቱ ላይ ከላይ አረንጓዴ ጥላ አለ፣ የድሮው ላይ ካሜራው ፊት ክፍት ነበር፣ አሁን ጥላው ካሜራው ላይ ትንሽ ወርዷል። በዛ ላይ እኔ ራሴ ያጠፋሁት አለ፣ አዲስ ሆና ያመጣኋት ቀን የለጠፍኩት ማሻአላህ የሚል ስቲከር ነበረ፣ አምሮኝ ሌላ ገዝቼ መሃል ላይ ከፍ አርጌ ለጠፍኩት።


ቆጪ_ሰፈር

ካሜራው ማሻአላህ ማሻአላህ ሲል ነው መንገዱን የሳተው በለኛ 😂😂


ጋራዥ_ያደገ

😀 ስቲከሩን ወደ ኋላ መስታወት ውሰደው፣ እዛ ያለው ሰው ያንብበው።

አዌቱ እንግዲህ ቅር እንዳይልህ። በዚህ መስታወት ላይ ካሊብሬሽን አታሰራ ብርህን ነው የምትበትነው። ሂሳቡን ላሳይህ፣ ብራኬቱ የጣትህ ርዝመት ታህላለች፣ 57 ሚሊሜትር ላይ አንድ ሚሊሜትር ማጣበቂያ በአንድ በኩል ከፍ ቢል አንድ ዲግሪ ነው። በምላጭ የተነሳ ነገር ላይ የድሮው ሙጫ ቅሪት ስንት ነው? ፋብሪካው ብራኬቱን በመሳሪያ ይዞ ነው መስታወቱ ላይ የሚለጥፈው፣ በእጅና በአይን አይደገምም። ማሽኑ እሱን ካሜራ ሰሌዳ ፊት ቢያቆመው ወይ ከልክ ወጥቷል ብሎ እምቢ ይላል፣ ወይ ደግሞ ጠርዝ ላይ ተቀብሎት አንድ ጉድጓድ ስትገባ ሱፐር ግሉው ይሰነጠቃል። ሱፐር ግሉ ሙቀትና ንዝረት አይወድም፣ የጊቤን ፀሀይ ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ።

ጥላውም ሌላ ጣጣ ነው። ካሜራው ፊት ያለው መስታወት ጥርት ያለ መሆን አለበት፣ ቀለም ካለው በጭጋግና በምሽት መስመሩን ያጣዋል። ያ መስታወት ካሜራ ለሌለው አይነት የተሰራ ነው የሚመስለኝ። አንድ መኪና ስሙ አንድ ሆኖ አራት አምስት አይነት መስታወት ይኖረዋል፣ ካሜራ ያለው፣ ካሜራ የሌለው፣ የዝናብ ሴንሰር ያለው፣ ፍጥነቱን መስታወት ላይ ሚያሳየው፣ ድምጽ የሚከለክለው። ነጋዴው አይዲ 4 በቃ ብሎ ያመጣልሃል። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ መኪናው በብዛት ገባ፣ መለዋወጫው ግን ገና በግምት ነው የሚሸጠው።


ኪቶ_ተማሪ

ሰላም፣ እኔ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ መካኒካል ነኝ አራተኛ አመት። ጋሼ ጋራዥ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ ህትመት ከሆነ ጅማ ላይ ለምን አንሰራውም? ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ባነር የሚያትም ሞልቷል፣ ጅማ ደግሞ እንጨት ሰራተኛ የሚቸግረው ከተማ አይደለም፣ በርጩማ ከአንድ ግንድ ጠርቦ ሚያወጣ ሰው ፍሬም ያቅተዋል? ወለሉን በጎማ ውሃ ልክ እንለካዋለን፣ መሃሉን በቱንቢና በሲባጎ። ይሄን የመመረቂያ ስራ ላረገው እያሰብኩ ነው።


ጋራዥ_ያደገ

ልጄ ሃሳብህ ደስ ይላል፣ እንዲህ የሚያስብ ልጅ ነው የጠፋው። የምትሳሳትበትን ልንገርህ እንጂ አላቁምህም።

ሰሌዳው ቀላሉ ነው። የሚያብረቀርቅ ባነር ከሆነ ግን መብራት ይመልስና ካሜራው ምልክቱን አያገኘውም፣ ድብዝዝ ያለ ህትመት መሆን አለበት፣ ደግሞ ባነር እርጥበት ሲይዘው ይለጠጣል ይሸበሸባል፣ ጠንካራ ነገር ላይ መወጠር አለብህ። ንድፉ የየፋብሪካው የተለያየ ነው፣ መጠኑ ሳይለወጥ ማግኘት አለብህ።

ከባዱ የሚቆምበት ቦታ ነው። ሰሌዳው ከመኪናው አፍንጫ ጋ ትይዩ ቢሆን አይበቃም፣ መኪናው በእውነት ከሚሄድበት አቅጣጫ ጋ ነው መስማማት ያለበት፣ እሱን ደግሞ የሚወስነው የኋላ ጎማዎቹ ናቸው። የኋላ ጎማው ትንሽ ተጣሞ ከሆነ መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ ቦዲው ግን ጎኑን ሰጥቶ ነው የሚሄደው። ለዛ ነው መጀመሪያ ዊል አላይመንት የሚባለው። ቀጥሎ የጎማው አየር እኩል፣ መኪናው ባዶ፣ መሪው ቀጥ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ማንም ውስጥ ተቀምጦ የማይወዛወዝበት። አይዲ 4 ላይ ደግሞ ከእያንዳንዱ ጎማ መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ቁመት በሚሊሜትር ለክተህ ለማሽኑ ትሰጠዋለህ፣ አራቱንም ጎማ፣ ካሜራው ከመሬት ስንት ከፍ እንዳለና ወደ የት እንዳዘነበለ ከሱ ነው የሚያሰላው። ያንተ ቱንቢና ሲባጎ እዚህ ላይ ሊረዳህ ይችላል፣ አልንቅም፣ ድሮ አላይመንትም በሲባጎ ነበር የሚሰራው።

ሶስተኛው ማሽኑ ነው። ሰሌዳ ብቻ ተክለህ ካሜራው አያውቅልህም፣ ተማር ብሎ የሚያዘው ሶፍትዌር ያስፈልጋል። ላውንችና ኦቴል የሚባሉት ድርጅቶች ማሽኑንም ፍሬሙንም ይሸጣሉ፣ ለቻይናዎቹ መኪኖችም ይሰራሉ። በፈረንጆቹ ከ2020 ወዲህ የወጡት እንደ አይዲ ያሉት ቮልስዋገኖች ግን ኮምፒውተራቸው የተቆለፈ ነው፣ አንዳንዱን ነገር ለመንካት በኢንተርኔት ቁልፍ ማስከፈት ይጠይቃል፣ መብራትና ኔትወርክ እኩል ያለበትን ሰአት ጠብቀህ ማለት ነው 😀። ባለ 12 ቮልቷን ባትሪ ደግሞ አትርሳ፣ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ነው ብለህ ትዘናጋለህ፣ መኪናው ተከፍቶ አንድ ሰአት ሲቆም ትንሿ ትወርድና ስራው መሃል ላይ ይቋረጥብሃል፣ ቻርጀር ሰክተህባት ነው የምትሰራው።

ስራው ላይ ከገባህበት በውስጥ ጻፍልኝ፣ አላይመንት ያለው ጓደኛ አለኝ፣ ወለሉ ደህና ነው።


ኪቶ_ተማሪ

እሺ ጋሼ ዛሬ ማታ እጽፍልዎታለሁ 🙏 የኋላ ጎማውን ነገር በጭራሽ አላሰብኩትም ነበር፣ እኔ ከአፍንጫው መሃል ሲባጎ ልወጥር ነበር።


የሊሙ_ቡና

ሰላም ወንድሞቼ እኔም ልጨምር፣ የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ነው የምነዳው፣ አምና መስታወቴ ተሰብሮ ነበር። የአዌቱ ልጅ የኢንሹራንሱን ነገር በተመለከተ፣ አንዴ ከፍለው ከዘጉት በኋላ መልሶ ማስከፈት ዳገት ነው፣ ግን ተስፋ አትቁረጥ። እኔ ያኔ ያደረግኩት ፕሮፎርማው ላይ መስታወት ብዬ አንድ መስመር አላስጻፍኩም፣ መስታወት ከነካሜራ መያዣው፣ ማጣበቂያና ፕራይመር፣ የዝናብ ሴንሰር ጄል፣ የካሜራ ካሊብሬሽን፣ ዊል አላይመንት ብዬ ለየብቻ አስጻፍኩ። ገማቹ ይሄ ካሊብሬሽን ምንድነው ትርፍ ነው አለኝ፣ የመኪናውን መመሪያ ገጽ አሳየሁት፣ ሳይሰራ አደጋ ቢደርስ ማን ነው የሚጠየቀው ብዬ በጽሁፍ ስጡኝ አልኩ፣ በጽሁፍ ስጡኝ ስትል ነገሩ ይለሳለሳል። አንተም አሁን የመጀመሪያው መስታወት የመኪናው አይነት አልነበረም ብለህ ፎቶውን ከነሰሪው ማስረጃ ይዘህ በደብዳቤ ጠይቅ፣ በስልክ አትጨቃጨቅ ስልክ ፋይል ውስጥ አይገባም።

ሁለተኛ መስታወቱ ሲመጣ ሳይገጠም እዩት። እኔ አሮጌው ሳይነሳ አዲሱን ጎን ለጎን አስቁሜ ጥጉ ላይ ያለውን ጽሁፍና ምልክት አንድ በአንድ አነጻጸርኩ፣ የካሜራውን መስኮት ቅርጽ፣ ጥቁሩን ነጠብጣብ፣ መያዣውን። ልጆቹ ሴትየዋ ምን ሆነች ይላሉ ይበሉ። አንዱን መልሼ ልኬ ሁለተኛው ነው የተገጠመው።


የአዌቱ_ልጅ

ከሁለት ሳምንት በላይ ጠፋሁ ይቅርታ፣ ውጤቱን ልንገራችሁ ብዬ ነው የመጣሁት።

ካሜራ ሚጠቀመውን ሁሉ ዘግቼ፣ ሙሉ ቻርጅ አርጌ ከሌሊቱ 11 ሰአት ወጣሁ። መቼም ለመድኩት ስትሉ ያ መሪ በራሱ ትንሽ ትንሽ ሚያግዝህ ነገር ሲጠፋ እጅህ ይደክማል፣ ቆጪ ሳቅብኝ። ገልባጭ ሳይ 100 ሜትር እርቄ ነበር የምሄደው። አዲስ አበባ ስደርስ እህቴ የሊሙ ቡና እንዳለችው አደረግኩ፣ መስታወቱ ከብራኬቱ ጋ የመጣ፣ ካሜራው ፊት ጥርት ያለ፣ ጥጉ ላይ ያለው ጽሁፍ ከተሰበረው ጋ አንድ የሆነ ፈልጌ ሶስት ሱቅ ዞሬ አገኘሁ። የጅማውን ሲያወርዱት ብራኬቱን ነካ ሲያረጉት ጠቅ ብሎ ተነሳ። ድንጋይ ሆኗል ያልከኝ ልጅ እዚህ ካለህ ሰላም በልልኝ።

ገጥመው አሳደሩት፣ በነጋታው አላይመንት ላይ አወጧት። ጋሼ ጋራዥ የኋላ ጎማ ያልከው እውነት ሆነ፣ የኋላ ግራው ትንሽ ወጣ ብሎ ነበር፣ ጉድጓድ ነው መሰለኝ፣ አስተካከሉት። ከዛ ሰውዬው ኮፈኑን ሳይሆን የኋላውን ከፍቶ አየና ይሄን ሁሉ አውርድ አለኝ። ለዘመድ የያዝኩት ሁለት ጀሪካን ማርና ግማሽ ኩንታል ቡና ነበር፣ ረስቼዋለሁ። ባዶ መሆን አለበት ብላችሁኝ ነበር እኮ። ማሩን ጋራዡ ጥግ ደርድረን ስራው ቀጠለ፣ አንዱ ኪሎ ቡና እዛው ቀረ እንደምንም።

ሰሌዳውን አቆሙ፣ በሌዘር ለኩ፣ የአራቱን ጎማ ቁመት ጻፉ፣ የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። የጋራዡ በር ክፍት ስለነበር ፀሀይ ሰሌዳው ላይ ግማሹን መትታው ነው አሉ፣ በሩን ዘግተው ሁለተኛው ላይ አለፈ። ማሽኑ ከሰራበት ጊዜ ለማዘጋጀት የፈጀው ነው የሚበልጠው። ከዛ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ወስደን ሞከርነው፣ መስመሩ እንደ ደብተር ነው እዛ፣ መሃሉን ይዞ ሄደ። ስመለስ ሰርቦ ስደርስ ያችው ቦታ ላይ እጄን መሪው ላይ እንዳደረግኩ 70 ገባሁ፣ ምንም፣ ቀጥ።

ደብዳቤውንም አስገብቻለሁ፣ እስካሁን መልስ የለም።


ቆጪ_ሰፈር

እንኳን በሰላም ተመለስክ የምሬን ነው። ሁለተኛውን መስታወት ጨምሮ ስንት ፈጀብህ?


የአዌቱ_ልጅ

በውስጥ እነግርሃለሁ፣ ባለቤቴ እዚህ ታነባለች።

ግን አንድ ነገር ቀረኝ። ከትናንት ጀምሮ የጅማ ዝናብ እንደምታውቁት ሲያወርደው መጥረጊያው አውቶ ላይ ሆኖ ዝም ይላል፣ በእጄ ነው ማስነሳው፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጠራራ ፀሀይ ላይ በራሱ ሶስቴ ጠረገ። ይሄም ካሊብሬሽን ነው?


ከሚኒሶታ

አይደለም አትደንግጥ። የዝናብ ሴንሰሩ ከካሜራው ለብቻው ነው፣ ከመስታወቱ ጋ የሚያገናኘው ስስ ጄል አለ። ሴንሰሩ ብርሃን ወደ መስታወቱ ይልካል፣ መስታወቱ ደረቅ ሲሆን ብርሃኑ ይመለስለታል፣ ጠብታ ሲያርፍበት ብርሃኑ ወደ ውጭ ያመልጣል፣ ከዛ ነው ዘነበ የሚለው። ጄሉ ውስጥ የአየር አረፋ ከገባ ወይ የድሮውን ጄል መልሰው ከለጠፉት ይምታታበታል። ከውጭ ሆነህ ከስፖኪዮው ጀርባ በስልክ መብራት እየው፣ እንደ ሳሙና አረፋ ነጭ ነጭ ነገር ካየህ እሱ ነው። ጄሉ ብቻ ይቀየራል፣ ርካሽ ነው። ሲቀይሩ ግን ሽፋኑን ቀስ ብለው ያንሱት፣ ካሜራው እዛው አጠገቡ ነው፣ እንዳይነኩት ቁጭ ብለህ ጠብቃቸው።